የማልቀምሰው ወርች ዘበኛ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ፤

ይህን ደብዳቤ በጥድፊያ የምጽፍልዎ አንድ ፎቶግራፍ ከእኔ ቀድሞ ሰፈር እንደገባ ስለሰማሁ ነው። እትዬ በሌሊት ደውላ «እውነት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ሰው የሞተ መስሎኝ ከአልጋዬ ወድቄ ነበር።

አዎ፣ ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በሁለት እጄ የታቀፍኩትም የአሳማ ሥጋ ነው። አልበላሁትም እንጂ ሲበስል ስጠብቀው አድሬያለሁ። እርስዎ በሰፈሩ ሽምግልና የሚቀመጡ ሰው ስለሆኑ፣ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት።

የምኖርበት ግሪንስቦሮ ሰሜን ካሮላይና የሚባለው ስቴት ውስጥ ነው። የዚህ አገር ሰው በፖለቲካ ተጣልቶ አብሮ ምሳ ይበላል፤ በአሳማ አጠባበስ ከተጣላ ግን ዕርቅ የለም። በስተምሥራቅ ያሉት አሳማውን ሙሉውን አብስለው ሆምጣጤና በርበሬ ብቻ ያፈሱበታል። ከእኛ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለችው የሌክሲንግተን ሰዎች ደግሞ ወርቹን ብቻ መርጠው፣ ሆምጣጤው ላይ ጥቂት ካቻፕ ጠብ ያደርጋሉ። ምሥራቆቹ ይህችን ካቻፕ እንደ ክህደት ነው የሚቆጥሯት። ሌክሲንግተን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየጥቅምቱ ለዚሁ ሥጋ በዓል ታከብራለች። በዓል ስል ታቦት የሌለበት ነው።

ጎረቤቴ የሌክሲንግተን ወገን ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ ጡረተኛ፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን። ፀጉሩ ሸብቶ ዲያቆን መባሉ እኔን እንጂ እሱን አይገርመውም። በነሐሴ መጀመሪያ፣ በእኛ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ለእሁድ የምእመናን ምሳ ወርች ሊያቀርብ ቃል ገብቶ ሳለ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደረገ። እሳቱ ያለው ደግሞ ከታች ነው፤ ማጎንበስ ይጠይቃል። እኔ መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ በዕረፍቴ ቀን እንኳ ሌሊት ዓይኔ አይከደንም። ይህንን ያውቃል። በአጥሩ በኩል ጠራኝና «አንተ እንደሆንክ አትተኛም» አለኝ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

እርስዎ በቅርጫ ቀን መደብ ሲያወጡ የኖሩ ስለሆኑ ሥጋው ይገባዎታል። ከፊት እግር በላይ፣ ከትከሻው የሚወጣ፣ የመኻሉ አጥንት ያልተለየው፣ አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነው። ጅማቱና ስቡ እርስ በርሱ ተጠላልፏል። እርስዎ ቢያዩት «ለወጥ ይሁን» ብለው ወደ ዳር የሚገፉት ዓይነት። ቶሎ ቢጠብሱት ጥርስ ያወልቃል። በዝግታ፣ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ግን ያ ጠንካራ ጅማት ቀልጦ መረቅ ይሆናል። ስለዚህ እሳቱ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳለ ማደር አለበት፤ ከዚያ በላይ ሥጋውን ያደርቀዋል፣ ከዚያ በታች ምሳው እራት ይሆናል።

ችግሩ ምድጃው ነው። ስሞከር ይሉታል፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ክዳን ያለው ብረት ሲሆን ከወገቤ አይደርስም፤ የአፉ ስፋት 37 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰፊው ዓይነት ከሰሉን አንዴ ጎርሶ ሊያድር ይችላል። የእኛው ግን ሆዱ ጠባብ ስለሆነ ሌሊት ይርበዋል። ከታች ከሰል፣ ከመኻል የውሃ ሳህን፣ ከላይ ሥጋው። ከሰሉ ውስጥ ሂከሪ የሚባል እንጨት ጣል ጣል ይደረጋል፤ ጭሱ የሚመጣው ከእሱ ነው። እሳቱን እንደኛ ከሥር አያያይዙም። ያልነደደውን ከሰል ሞልተው ጥቂት የጋመ ፍም ከላይ ያስቀምጡበታል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይበላዋል። ጂም ሚኒየን የተባለ ሰው ያስለመደው ዘዴ ስለሆነ በስሙ ይጠሩታል። ብልህ ሰው ነው፤ ግን ለእናቴ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ «ከሰል ሲገለበጥ አይቼ አላውቅም» ብላ ማራገቢያዋን ታነሳ ነበር።

ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ሥጋውን ጨውና ቁንዶ በርበሬ አሽተን አስገባነው። ሽማግሌው እስከ ምሽት አብሮኝ ተቀመጠ። ገና ሲመሽ፣ «ለድካምህ ነገ የላዩን ጥቁር ቅርፊት እሰጥሃለሁ፤ ለልጆቼም አልሰጥም» አለኝ። እንደማልበላ ስነግረው የታመምኩ መሰለው። ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳም፣ ዘሌዋውያን ላይ አለ አልኩት። ቤት ገብቶ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወጣና ጴጥሮስ በሰገነት ላይ ያየውን ራእይ ገለጠልኝ። እኔም አንብበው አልኩት፤ ጴጥሮስ እኮ እንቢ አለ፣ ሦስት ጊዜ ተብሎለት ያ ጨርቅ ወደ ሰማይ ተመለሰ እንጂ መብላቱ አልተጻፈም። ቢበላ እንኳ በፍልሰታ አይበላም ነበር። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ብዙ አሰበና «ይህቺን ፓስተሩን እጠይቃለሁ» ብሎ ሊተኛ ገባ። እስካሁን መልስ አልመጣም።

ጋሼ፣ የዚህ አገር ሰው ቡና እንኳ ቁጭ ብሎ አይጠጣም፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ በመስኮት ተቀብሎ ይሄዳል። ይኸው ሰው ለአንድ ወርች ግን አሥራ አምስት ሰዓት ይታገሣል። ይህን ካየሁ ወዲህ ስለ እነሱ የነበረኝን ሐሳብ ትንሽ አሻሽያለሁ።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ሥጋው ውስጥ የተሰካው ቴርሞሜትር 68 ዲግሪ ላይ ደርሶ ቆመ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፤ 68። ሁለተኛውንም ጠበቅኩ፤ ያው 68። እሳቱ ደህና፣ ውሃው ደህና፣ ሥጋው ግን አልንቀሳቀስ አለ። ሽማግሌው ቀድሞ አስጠንቅቆኛል፤ ይህን ጊዜ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ እሳት የሚጨምረውና ሁሉን የሚያበላሸው ብሎኝ ነበር። ግሬግ ብሎንደር የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ምክንያቱን መርምሮ አሳይቷል። ሥጋው ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲተን ደግሞ ያቀዘቅዘዋል፣ ልክ እንስራ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘው። እሳቱ ሲያሞቅ ላቡ ሲያበርድ እኩል ለእኩል ይገፋፋሉ፤ ላቡ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ችኩሎቹ በፎይል ጠቅልለው ያሳጥሩታል። ጎረቤቴ ስለ ፎይል የሚናገረውን በፍልሰታ ልጽፈው አልችልም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በትንሿ በር በኩል ከሰል ስጨምር ከኋላዬ ኮሽ አለ። ራኩን ነው፤ ዓይኑ ዙሪያውን የጠቆረ፣ ጣታም እጅ ያለው የሌሊት ሌባ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቁጭ አለና ስሞከሩን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በልጅነቴ ከበረት ጅብ ባባረርኩበት ድምፅ ጮኽኩበት። አልተነሳም። አማርኛ አይሰማ ይሆናል ብዬ በእንግሊዝኛ ሞከርኩ፤ እሱም አልሠራም። በመጨረሻ የከሰሉን መቆንጠጫ ከክዳኑ ጋር ሳጋጨው ቅር እያለው በአጥሩ ላይ ሄደ። እኔ የማልበላውን ለመብላት ከመጣ ፍጡር ጋር፣ የማልበላውን ለማትረፍ ስጣላ ያደርኩ ሰው ነኝ ጋሼ፤ ይህን ለእትዬ ያንብቡላት።

ሲነጋ ቴርሞሜትሩ 95 ገባ። ሽማግሌው በምርኩዙ እያነከሰ መጣ፤ ቁጥሩን አላየውም። አጥንቱን በሁለት ጣቱ ያዘና ሳበው። አጥንቱ ምንም ሳይዝ ነጭ ሆኖ ወጣ። አሳየኝ፣ ዝም አለ፣ ፊቱ በራ። ፎቶው የተነሳው ያን ጊዜ ነው፤ ሥጋውን አንሶላ በመሰለ ወረቀት ጠቅልለን ሙቀቱን እንዲይዝ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ከማስገባታችን በፊት። ከዚያ እኔ ታጥቤ ወደ ቅዳሴ ሮጥኩ።

እዚህ ላይ ነው የእርስዎን ምክር የምሻው። ነጠላዬን ለእሁድ አጥቤ በጓሮ ገመድ ላይ አስጥቼ ነበር፤ ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ የነፈሰው ወደዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከመቆሜ በስተግራዬ የነበረው ሰው ዞር አለ፣ በስተቀኜ ያለውም ዞር አለ። አንዲት እናት ቀረብ ብለው አሸተቱኝና «ልጄ፣ ምን ቤት ነው የምትሠራው?» አሉኝ። ዕጣኑ ሁለት ጊዜ ዞሮብኝ ሽታውን አልቻለውም። ለመሆኑ የነፍስ አባታችንን ቢጠይቁልኝ፣ ሽታ ያስገድፋል? ካስገደፈ ስንት ስግደት ነው? በቀጥታ የእኔ ነው ሳይሉ፣ «አንድ ሰው» ብለው ይጠይቁልኝ።

ለእትዬ፣ ለልጆቹ፣ ለዕድርተኛው ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ገንዘቡን በወሩ መጨረሻ እልካለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽማግሌው ሆምጣጤውን ሲያዘጋጅ ከቀረችኝ ሚጥሚጣ አንድ ማንኪያ ሰጥቼው ነበር። ምሳው ላይ ፓስተሩ ላቡን እየጠረገ ሦስተኛ ሰሃን አንስቷል አሉ፤ አሁን የሌክሲንግተን ወገን ለሁለት ተከፍሏል። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ከተገኘ አንድ ኪሎ ይላኩልኝ። ሲያስፈጩት ኮረሪማው በዛ ይበል፤ ሽማግሌው ማነሱን ወዲያው ይለያል።

አክባሪ ልጅዎ
ከግሪንስቦሮ