ሰባተኛው እንጀራ

በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በአንድ ያረጀ ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበር ይባላል። ውጭው በእበትና በአመድ የተመረገ፣ ረጅም፣ ሆዱ ሰፊ ቀፎ ነው። ከበሩ ጀምሮ ሰባት የማር እንጀራ ለእጮች ማሳደጊያ ተሰጥቷል። ከሰባተኛው ጀርባ ያለው ሁሉ ጎተራ ነው፤ ማር የሞላበት፣ በሰም የታሸገ።

ዓመቱ የጥጋብ ዓመት ነበር። መስከረም አደይ አበባውን ይዞ ገባ፤ ጥቅምት ላይ ሜዳው በመጭ ቢጫ ለበሰ። ንቦቹ ጎህ ሲቀድ ወጥተው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲቀስሙ ይውላሉ። ያኔ ነው የቀፎው በጅሮንድ ጉባኤ የጠራችው።

በጅሮንዷ ክፉ አልነበረችም። ይህን ቀድሜ መናገር እወዳለሁ፤ በተረታችን የግምጃ ቤት ሹም ሁልጊዜ ጅብ እየሆነ ሲመጣ ነገሩ ከእውነቱ በላይ ይቀልብናል። ይህቺ በጅሮንድ አልሰረቀችም፣ ለዘመድ አላደላችም። ክረምት ረዝሞ ቀፎ ሙሉ በረሃብ እንዳለቀ የሚተረከውን እየሰማች ያደገች፣ እያንዳንዷን ጠብታ የምትቆጥር ናት።

«እህቶቼ፣» አለች፤ «በየቀኑ ከሚወጡት ንቦች ብዙዎቹ ማር ሳይሆን የአበባ ዱቄት ተሸክመው ይመለሳሉ። ዱቄቱ የት ይገባል? እጮቹ ዘንድ። እጭ አትቀስምም፣ በር አትጠብቅም፣ ሰም አትሠራም። ትበላለች፣ ትተኛለች። አበባው ሳይረግፍ ፊታችንን ወደ ማሩ እናዙር። ጎተራው ሲሞላ ለእጮቹም እንደርሳለን።»

ጉባኤው በክንፉ አጨበጨበ። ከኋላ አንዲት ንብ ድምፅዋን አሰማች። የሰባተኛው እንጀራ ሞግዚት ናት፣ ገና አሥር ቀኗ። ሞግዚቶች እንዲህ ልጆች ናቸው፤ ዱቄቱን በልተው ከራሳቸው ዕጢ ነጭ ምግብ እያወጡ እጮቹን ያጎርሳሉ፤ መስክ የሚወጡት ኋላ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎንስ ማን አሳደገዎት?»

«ያሳደጉኝን አልረሳሁም፣ ልጄ። እስቲ አብረን እናስላ። ዛሬ የምታጎርሻት እጭ ማር ይዛልኝ የምትመጣው መቼ ነው?»

ሞግዚቷ ቆጠረች። 3 ቀን እንቁላል፣ 6 ቀን እጭ፣ ከታሸገች በኋላ 12 ቀን፤ በ21ኛው ቀን ትወጣለች። ከዚያም ሦስት ሳምንት ያህል የቤት ሥራ አለባት፤ ማጽዳት፣ ማጉረስ፣ ሰም መሥራት፣ በር መጠበቅ። «ከ40 ቀን በኋላ፣» አለች።

«ከ40 ቀን በኋላ እኔ በሕይወት የለሁም። አንቺም ብትኖሪ ክንፍሽ አልቆ ነው። የማናየውን ትርፍ ብለን የምናየውን ማር እናሳልፍ?»

ሞግዚቷ ያን ዕለት መልስ አላገኘችም። ጉባኤው የበጅሮንዷን ሐሳብ አጸደቀ፤ ዱቄት የሚያመጡት ንቦች በግማሽ ተቀነሱ።

ለ40 ቀን ያህል በጅሮንዷ ልክ ነበረች። ጎተራው ሞልቶ አዲስ እንጀራ ተሠራለት፤ ከማዶ ግራር ያሉ ንቦች ሳይቀሩ መጥተው አደነቁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ አገር የሚታለለው። በእነዚያ ቀናት መስክ የወረዱት ብርቱ ንቦች ከአዋጁ በፊት ጠግበው ያደጉ ነበሩ። ማሩ የመጣው በዱቄቱ ነው፤ ዱቄቱን ያስቀነሰችው ግን ተመሰገነችበት። ተመስግናም ሞተች። በክብር ቀበሯት፤ ምክትሏ ተሾመች።

በዚህ መካከል የተረፈው ግማሽ ዱቄት በበሩ ይገባ ነበር። የመጀመሪያው እንጀራ ሞግዚቶች የየድርሻቸውን ያነሳሉ፤ «እስኪደርስ ይባክናል» ብለው ጥቂት ይጨምራሉ። ሁለተኛዎቹም እንዲሁ፤ ሦስተኛዎቹም። ስድስተኛው ጋ ሲደርስ የዱቄቱ ሽታ ይቀራል። በሰባተኛው እንጀራ ያሉት እጮች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ጀርባቸው ደግሞ ማር ከሞላው ጎተራ ጋር የተጣበቀ ነው። በመካከላቸው ያለው አንዲት ስስ ሰም ናት።

ሞግዚቷ በር ድረስ ሄዳ መዝጋቢዋን ጠየቀች።

«ለሰባተኛው ተሰጥቷል፤ ይኸው ተጽፏል።»

«እኔ ጋ አልደረሰም።»

«መውጣቱን ነው የምመዘግበው፣ እህቴ። መድረሱ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ኅዳር ሲጋመስ አዲሶቹ ንቦች መስክ ወጡ። ትንንሾች ናቸው። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ቀን ወጥተው አልተመለሱም፤ የተመለሱትም ጭነታቸው ግማሽ ነው። አዲሷ በጅሮንድ ተቆጣች። «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው! እናቶቻችን ከዚሁ ቀፎ ወጥተው ከዚሁ መጭ ነው የቀሰሙት። እነዚህ ምን ጎደላቸው?» ብላ ግማሽ ጭነት ይዛ የተመለሰች ንብ ማር እንዳትቀምስ አዘዘች።

ይህ ቁጣ ተረት ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ እንሰማዋለን። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነው። መቀንጨር የቁመት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት አካልም አእምሮም ይሠራል፤ ያኔ የጎደለ ምግብ ኋላ ትምህርት የሚከብደው ተማሪ፣ ጉልበት የሚያንሰው ሠራተኛ ሆኖ ብቅ ይላል። የአፍሪካ የረሃብ ዋጋ ጥናት ኢትዮጵያ በሕፃናት የምግብ እጥረት ሳቢያ በአንድ ዓመት ያጣችውን ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 16.5 በመቶ ጋር አመዛዝኖታል። ያንን ገንዘብ ማንም በጀት አድርጎ አላጸደቀውም። ግን ወጥቷል፤ በየዓመቱም ይወጣል። አገሪቱ በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት መነሣቷ ሒሳቡ ቢዘገይም እንደገባት ያሳያል። ልጁን ሰነፍ ከማለታችን በፊት በእነዚያ 1,000 ቀናት ምን እንደቀረበለት ብንጠይቅ ፍርዳችን ይስተካከል ነበር።

ወደ ቀፎው እንመለስ። የሚቀስም ሲያንስ በጅሮንዷ ሞግዚቶቹንም ያለ ዕድሜያቸው መስክ አስወጣች። በዚህ የተነሣ እጮቹን የሚያጎርስ ጠፋ፤ ቀጥለው የተፈለፈሉት ከቀደሙት ይብስ አነሱ። በታኅሣሥ ሌሊት ጉንዳን በዋርካው ግንድ ላይ ወጣ። በር ጠባቂዎቹ ተናደፉ፣ ሞቱ፤ የመጀመሪያው እንጀራ ከነእጩ ተበላ። የጠገበው፣ ለበር የቀረበው እንጀራ ማለት ነው። ጉንዳን የሰባተኛውን ረሃብ አይቶ የመጀመሪያውን አልማረውም።

በማግሥቱ ጉባኤ ሆነ። አንዷ ኮብልለን ሌላ ዛፍ እንፈልግ አለች። ሌላዋ ጠባቂ በእጥፍ ይጨመር አለች፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገረችም። ያቺ የሰባተኛው እንጀራ ሞግዚት እስከዚያ ቀን በሕይወት ነበረች፤ ክንፏ ዳር ዳሩ ተበጣጥሷል። በቀፎው ካሉት ሁሉ ታላቅ እሷ ስለሆነች በጅሮንዷ ራሷ «እማማ ይናገሩ» አለች።

«ጎተራውን ክፈቱት።»

«እማማ፣ እሱ እኮ ለክፉ ቀን ነው!»

«ታዲያ ትናንት ሌሊት ምን መጣ?»

ጉባኤው ዝም አለ። እሷ ቀጠለች። ማሩ ለሞግዚቶቹ ይሰጥ፣ መስክ መውጣታቸው ቀርቶ ወደ እጮቹ ይመለሱ፤ ብርቱዎቹ ዱቄት ያምጡ። ለእያንዳንዱ እንጀራ ከዚያው እንጀራ የተወለዱ ሁለት ሁለት ሞግዚቶች ይመደቡ፤ እዚያው ይደሩ፣ እያንዳንዷን እጭ በየቤቷ ይጎብኙ። ዱቄት መሰፈር ከሰባተኛው ይጀመር፣ ወደ በሩ ይምጣ። መዝጋቢዋም ከበሩ ተነሥታ እጮቹ አጠገብ ትቀመጥ፤ የምትጽፈው አፍ የገባውን ይሁን።

ተረት ስለሆነ ቀላል መሰለ እንዳይባል በአገራችን የሆነውን ላስታውስ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አካሄዱ ይኸው ነበር። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ ተመረጡ፤ አንድ ዓመት ሠልጥነው ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ደመወዛቸውን መንግሥት ከፈለ። በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ቦርሳቸውን አንግተው አቀበት እየወጡ ሕፃን ከተቡ፣ አጎበር አደሉ፣ መፀዳጃ አስቆፈሩ፣ ነፍሰ ጡሯን ከቤቷ ድረስ ሄደው ጠየቁ። በ1992 ዓ.ም. ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህ የእነሱ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የክትባቱ፣ የመንገዱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ድርሻ አለበት። ግን በሩቅ ጎጥ ያለች እናት ደጃፏ ላይ መንግሥትን ያየችው በእነዚያ ሴቶች ፊት ነው፤ ድካማቸው የሚገባውን ያህል ተከፍሏል ብዬ አላምንም።

ቃል መግባትማ በዝቷል። በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ተስማሙ፤ አብዛኞቹ አገሮች እስካሁን አልደረሱበትም። 67 ሞትም 67 ለቅሶ ነው። የጤና ኬላ መድኃኒት ሲያጣ፣ የምሥራቹን የጻፈው መዝገብ ከበሩ አጠገብ እንጂ ከሕፃኑ አጠገብ እንዳልተቀመጠ እናውቃለን።

በጅሮንዷ እማማን ሰምታ ስታበቃ የቀድሞዋን ጥያቄ ጠየቀች፤ በክፋት አይደለም፣ ኃላፊነቱ ከብዷት ነው። «ማሩን ላወጣው ነው። ትርፉን መቼ አያለሁ?»

«አያዩትም።»

«እና ለጉባኤው ምን ብዬ ልንገር?»

«እንዲህ ይበሉ። እኔን ያጎረሰችኝን ንብ አላውቃትም። እኔ መስክ ሳልወጣ ሞታለች፤ አንዲት ጠብታ ማር አላመጣሁላትም። ያመጣሁት ሁሉ ለእናንተ ነው የገባው። የእሷን ብድር የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ። መክፈሉም የእናንተ ነው።»

ያን ምሽት ከሰባተኛው እንጀራ ጀርባ ያለው ሰም ተቀደደ።

ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። በሁለተኛው የጉንዳን ወረራ ሁለተኛው እንጀራም ሄደ። በዚያ 40 ቀን ያደጉት ትንንሾች ትንሽ እንደሆኑ ቀሩ፤ ኋላ የመጣ ዱቄት የንብ ክንፍ አያስረዝምም። አንዳንዶች ለእነሱ የሚሰጠው ማር ይቀነስ አሉ፣ ከእንግዲህ አይጠቅሙም ብለው። በጅሮንዷ ግን የማር ክልከላውን ሻረች፤ ድርሻቸው ከብርቱዎቹ እኩል እንዲሆን አዘዘች፤ ያጎደለባቸው ቀፎው ስለሆነ። ብዙዎቹ መስክ መውጣት ስላቃታቸው በሞግዚትነት ቀሩ፤ የሰባተኛውን እንጀራ መዝገብ የያዘችውም ከእነሱ አንዷ ናት። በጥር፣ አበባ በሳሳበት ወር፣ ዱቄቱ ሲያንስ በጅሮንዷ ለበር ጠባቂዎች ቀድሞ ይሰፈር ብላ መልእክት ላከችባት። መዝጋቢዋ መዝገቡን ይዛ በጅሮንዷ ድረስ መጣች፤ በሰባተኛው እንጀራ ያሉትን እጮች አንድ በአንድ አስቆጠረቻት፣ ድርሻቸውንም አስፈርማ ተመለሰች።