ሙሽሪት በጊታር

ሴትን ለማመስገን ከተፈለሰፉ ሙገሳ መሳይ ስድቦች መሀል «እንደ ወንድ ትጫወታለች» የሚለውን የሚያህል የለም። አሜሪካዊቷ ዘማሪና ጊታር ተጫዋች ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ይህንኑ ስትሰማ ኖረች። ጊታሯን ስትገርፈው ያየ ሁሉ ትልቅ ምስጋና ያገኘላት መስሎት ይወረውርላታል። በኋላ የመጡት ወንዶች እሷን ለመምሰል ሲፍጨረጨሩ ግን «አቤት! እንደ ሴት ይጫወታል» ያለ ሰው አልተሰማም።

የአርካንሳስ ልጅ ናት፤ እናቷ ሰባኪ፣ እሷ ዘማሪ። በ1938 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ኒው ዮርክ ውስጥ ኮተን ክለብ የተባለ የምሽት ክበብ ገብታ መዝሙሩን በብርጭቆና በሲጋራ ጭስ መሀል ስታስነካው ምእመናኑ «ጉድ!» አሉ። ሸክላዋን ግን ጉድ ካሉትም መሀል ደብቆ ያደመጠ አይጠፋም።

ሠርጓን ደግሞ ስሙልኝ። በ1951 ዋሽንግተን ውስጥ፣ ግሪፊዝ ስታዲየም፣ ትኬት ተሽጦ ተዳረች። ሐሳቡ የኮንሰርት አዘጋጆቹ ነበርና ውሉ ሲፈረም ሙሽራው ገና አልተገኘም ይባላል፤ ይፈለግ ተባለ፣ ተፈለገ፣ ተገኘ። 20 ሺህ ገደማ የሚገመት ሕዝብ ከፍሎ ገባ። እኛ ዘንድ ደጋሹ ተበድሮ ያበላል፤ እሷ ዕድምተኛውን አስከፍላ፣ በቬሎዋ ጊታር ተጫወተች፤ ሠርጉም በሸክላ ታትሞ ተሸጠ። ስታዲየሙ ፈርሶ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሞበታል። በጆርጂያ አቬኑ በኩል የሠርግ ዕዳውን በልቡ እያሰላ የሚያልፍ የዲሲ ሐበሻ ስንት ይሆን!

በሙዚቃ የወለደቻቸው ልጆቿማ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። በ1947 ጆርጂያ፣ ሜከን ከተማ ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ መድረኳ ላይ አውጥታ አዘፈነችው፤ ያ ልጅ የሮክ ኤንድ ሮሉ ኮከብ ሊትል ሪቻርድ ሆነ። ዘፋኙ ጆኒ ካሽ ደግሞ ከሚወዳቸው ድምፃውያን መሀል ይቆጥራት ነበር። በ1964 ማንቸስተር ውስጥ አንድ የተዘጋ ባቡር ጣቢያ ለቴሌቪዥን ተሸልሞ፣ በሠረገላ መጥታ፣ ዝናቡ እየወረደ ነጭ ጊታሯን አንግታ ስትጫወት የእንግሊዝ ወጣቶች ከሐዲዱ ማዶ ተቀምጠው አዩዋት። ሮክን ለአሜሪካ መልሶ የሸጠላት ያው ትውልድ ነው።

በ1973 ፊላደልፊያ ውስጥ ሞተች። መቃብሯ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ ለማግኘት ከ30 ዓመት በላይ ጠበቀ፤ ለዚያውም በእርዳታ ኮንሰርት ገንዘብ ተዋጥቶ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የሚባለው ተቋምም በ1986 የመጀመሪያዎቹን ተመራጮች ሲያስገባ የሮክ ንጉሥ የሚባለውን ኤልቪስን፣ ቸክ ቤሪን፣ ያንኑ ሊትል ሪቻርድን አስገባ፤ በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል አንዲት ሴት አልነበረችም። እሷ ትዝ ያለቻቸው በ2018 ነው፤ «ቀደምት ተጽዕኖ ፈጣሪ» በሚል ማዕረግ፣ ከሮክ ባንዱ ቦን ጆቪ ጋር በአንድ ምሽት።