ሁሉም ኢንጂነር የሆነበት ሰፈር

ድሮ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይለኮስ ነበር። ኩራዝ ቢበዛ ጣሪያ ያጠቁራል፤ ሲብስበት ጋቢ ይበላል። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ኢንጂነር ይሆናል። አንዴ ፒንሳ የጨበጠን ሰው ማን ይመልሰዋል!

የእህቴ ልጅ ሽቦ ቆርጦ በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ሶኬት ገጠመለት። አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ሰክቶ ቤቱን ቦግ አደረገው። «አዩ ጋሼ? ለኤሌክትሪሺያን አምስት ሳንቲም አልወጣ!»

አየሁ እንጂ! ከግድግዳው ቢነቀል 220 ቮልት በባዶ ጥርሱ ይዞ እንደ እባብ ወለል ላይ ይጋደማል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሚድሁ ልጆች አሉ። ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ከረሳማ ኮረንቲው በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። 15,000 ቮልቱን አውርዶ የሚሰጠን ትራንስፎርመር በጓሮ በር ሲመጣበት መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ብረት ነው፣ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ይነካዋል። መብራት ዘገየ እያልን የምንረግመው እሱን እኮ ነው!

«መብራቱ ድንገት ቢመጣስ?» አልኩት። «ያኔ እነቅለዋለሁ» አለኝ። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነገር፣ እሱ ከሶፋው እስኪነሣ ሊጠብቀው! ሁለቱን ምንጮች የማያገናኝ ማብሪያ አለ፣ ቼንጅ ኦቨር ይሉታል። «ውድ ነው» ይላል፤ የጄኔሬተሩን ቀለም አማርጦ የገዛ ሰው!

ጎረቤታችን ደግሞ ኢንቨርተር ከመኪና ባትሪ ጋር አጋብታለች። «12 ቮልት ምን ያደርጋል?» ትላለች። እጅ አይነዝርም፣ እሺ። ግን ከ12 ቮልት 1,000 ዋት ሲጎተት ከ80 አምፔር በላይ ነው፤ እሷ የዘረጋችው የደወል ሽቦ ነው። ፊውዙ አስጠንቅቆ ቢቃጠል በሚስማር ተካችው። ሚስማሩ መቼም አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ቤቱ ነው።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ጄኔሬተሩን ሌባ እንዳይወስድበት ኮሪደር ውስጥ ያስነሣዋል። የከሰል ጭስ ስንቱን ተኝቶ እንዳስቀረ የሚያውቅ ሕዝብ የቤንዚኑን ጭስ እንደ እንግዳ ቤት ያስገባል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም።

ስለዚህ እሱ ጄኔሬተር ሲያስነሣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ደጅ እቀመጣለሁ። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ዜና ጀመረ!» ይለኛል። በመስኮቱ ጮክ ብለህ ንገረኝ አልኩት።