ዶክተር ነው፤ ጥራው!

«በመዝናናት ሦስተኛ ዲግሪ? ታዲያ ምን ሊያክም ነው፣ ድብርት?»

በመዝናኛና በትርፍ ጊዜ ጥናት ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ከአራት ኪሎ ተነስቶ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ጊዮርጊስ እስኪደርስ እንዲህ ያለ ተረብ ይዘንብበታል። ፒያሳ ምላስ አታጣም። መልሱን እኔ ላቀብለው።

አያክምም ወንድሜ። ግን ከሥራ የተረፈችህ ሰዓት የት እንደገባች፣ ማን እንደበላት፣ ጎረቤትህ ሲስቅ አንተን ለምን እንደሚደብርህ ጠይቆና መዝግቦ በማስረጃ ይነግርሃል። የሚያክመውም ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

«እኛ ሳንማርስ ስንዝናና አልኖርንም?»

ሥራ አጥቶ ደረጃ ላይ መዋልን መዝናናት ካልከው መማር ያለብህ አንተ ነህ። ሥራ ያጣና ከሥራ ያረፈ ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ቢቀመጡ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ያረፈው ጊዜ ተርፎት ነው፤ ሥራ ያጣው ጊዜ ከብዶት። ቶርስታይን ቬብለን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ባለ ትርፍ ጊዜው መደብ መጽሐፍ ሲያሳትም ዋና ጥያቄው ይኸው ነበር፦ ማን ይሠራል፣ ማን ያርፋል? የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ሙያ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል።

ማን ያርፋል? ከዚሁ ከአራዳ እንጀምር። እሑድ ከሰዓት አባወራው ኳስ ሊያይ ሲወጣ እማወራዋ ምን ላይ ናት? ሊጥ ላይ፣ ልብስ አጠባ ላይ። ቡናውም የሚፈላው በእሷ እጅ ነው። ለጠጪው ቡናው ጨዋታ ነው፤ ለምታፈላዋስ? ከጎረቤቶቿ ጋር ስታወጋ ልቧ ያርፋል፣ እጇ ግን ሥራ ላይ ነው። ስንቱ ዕረፍት፣ ስንቱ ድካም እንደሆነ አጠገቧ ተቀምጦ ያልጠየቃት ሰው አያውቀውም። በዚህች አንዲት ረከቦት ዙሪያ ሙሉ የዶክትሬት ጥናት አለ።

የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ ተመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ደግሞ ከነደመወዙ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምታበስለውን ልጅ ግን አይሸፍናትም። የእሷ ዕረፍት በአሠሪዋ ደግነት ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ ያናድደኛል። እንዲህ ያለውን ቆጥሮ ሕግ አውጪው ፊት የሚያቀርብ ሰው ሲመረቅ ደግሞ አንተ ትስቃለህ!

«ቅንጦት ነው! አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት።»

ሕገ መንግሥቱን ግለጥ። አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የሠራተኛ መብት ሆነው ተጽፈዋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 31 መጫወትን የልጅ መብት አድርጎታል። መብት ነው የተባለውን ቅንጦት ስትለው የሚከስረው የራስህ ልጅ ነው።

«ቢሆንም ቁም ነገር ይማር ነበር!»

እስቲ ከፒያሳ ላይ መዝናኛን አንሣና የቀረውን ቁጠርልኝ። እቴጌ ሆቴል፣ ያው የዛሬው ጣይቱ፣ አራዳን እንግዳ ተቀባይ ያደረጋት ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የጣሊያን ወረራ ጥላ አጥልቶ ነበር፤ ሕዝቡ ለአገሩ የተቀሰቀሰው በመድረክ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተቋቋመው ደግሞ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚያ ጭንቅ የአራዳ ልጆች ኳስ ይዘው ክለብ መሠረቱ! ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ ኬክ ቤቱ፣ ጆተኒው፣ ፑል ቤቱ... የከተማ ሰው መሆንን የተማርነው እዚያ ነው። ከማናውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ አብሮ መሳቅን፣ ተሰልፎ ትኬት መቁረጥን፣ ተሸንፎ ወደ ቤት መግባትን። ቁም ነገር ሌላ ምን ነበር?

ጥላሁን ገሠሠም ከሀገር ፍቅር መድረክ ተነስቶ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲቀበል አጨብጭበሃል፤ ደግ አደረግህ። የዘፈነው ዶክተር ሲባል ካጨበጨብክ፣ አንተ ለምን እስከ እኩለ ሌሊት ቆመህ እንዳዳመጥክ ያጠናው ዶክተር ሲባል ምን አሳቀህ?

«ገበጣና ሰንጠረዥም ጥናት ሆኑ በለኛ?»

ከሆኑ ቆዩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ጽፈው አሳትመዋል፤ ስለ ሰንጠረዥም እንዲሁ። በዚያው ዓመት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራቹ አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ዶክትሬታቸውን ጨርሰዋል። ጨዋታን የናቁት ምሁራኑ አይደሉም።

«ዳታውንስ ከየት ሰበሰበ? ከከረንቡላ ቤት?»

አዎ፣ ከከረንቡላ ቤት! ሰው ባለበት ነው የሰው ነገር የሚጠናው። ደግሞም ገብቶ ተጫውቶ አልወጣም። ፕሮፖዛል ጽፎ፣ አማካሪው ደጋግሞ መልሶበት፣ መጠይቅ በትኖ፣ የቀዳውን ቃል በቃል ገልብጦ፣ በመጨረሻም ፈታኞች ፊት ቆሞ ተከራክሮ ነው «አልፈሃል» የተባለው።

አንድ ተረብ ቀርታለች፤ እሷ ግን ከባለሥልጣን ጠረጴዛ ኋላ ነው የምትመጣው፦ «ሜዳው ባዶ ቦታ ነው።» በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የፒያሳ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ወረርሽኝ ነበርና ገበያተኛውን ማራራቅ ግድ ነበር፤ እቀበላለሁ። ግን ለማንኛውም ችግር ቀድሞ ዓይን የሚያርፍበት የልጆች መጫወቻ ለምን ሆነ? ጃንሜዳ ጥምቀት የሚከበርበት፣ ገና የሚመታበት፣ ፈረስና አትሌት የሚሮጥበት ሜዳ ነው። ልጅ የሚሮጥበት ቦታ ባዶ አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ይህን በቁጥርና በካርታ የሚያስረዳ ባለሙያ ስለ ሜዳው በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ወንበር ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ ጊዜው እያመለጠ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ስትፈርስ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን የሞሉት ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትነዋል። ብይ የተጫወቱበትን ጓሮ፣ ዳማ የሚገጠምበትን ጥግ፣ የሠርግ ድንኳን የሚጣልበትን መተላለፊያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አዛውንቶቻቸውን እያጣን ስንሄድ የሚነግረን አይገኝም።

ስለዚህ ርዕስ የቸገረህ የዶክትሬት ተማሪ፣ መቅጃህን ይዘህ ወደ እነሱ ሂድ፤ ዘንድሮ ሂድ። እናንተም የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ለዚህ ልጅ አማካሪና በጀት መድቡለት። አንተ ተረበኛው ደግሞ፣ መጥቶ ሲጠይቅህ ሳትሸሽ የምታውቀውን ሁሉ ንገረው።