ዝርዝሩን ይዘን እንመለሳለን

ድሮ ዜና ሰዓት ነበረው። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ልጆች ዝም በሉ ይባላሉ፣ ማን ማንን ተቀብሎ እንዳነጋገረና የትኛው ፕሮጀክት በተያዘለት ጊዜ እየተጠናቀቀ እንደሆነ ይነገረናል። ያኔም እናማርር ነበር። ዜናው ሁሉ ስብሰባ ነው እንል ነበር። መስማት የምንፈልገውን አይነግሩንም እንል ነበር። ይኸው ምሬታችን ተሰማና ዜና ቀንና ሌሊት ሳይለይ ይወርድብን ጀመር።

ስንነቃ ዜና አለ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ዜና አለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ዜና አለ። ሁሉም ደግሞ ሰበር ነው፣ ሁሉም ፊት ለፊቱ ያቺ ቀይ የአምቡላንስ መብራት ተለጥፋበታለች። ሚኒስትር ሲሾም ሰበር፣ ሚኒስትር ሲነሳ ሰበር፣ ዘፋኝ ሲያገባ ሰበር፣ ዘፋኙ ሲፋታ ሰበር፣ ሽንኩርት ሲወደድ ሰበር፣ ሽንኩርት ሲረክስም ሰበር (ይህ እንኳ ይገባዋል)። ሰበር ያልሆነ ነገር ቢመጣ እንደነግጥ ነበር።

ዩቲዩቡን እንክፈት። ሽፋኑ ላይ የሁለት ታዋቂ ሰዎች ፊት ተለጥፏል፤ አንደኛው ያለቅሳል፣ ሌላኛው አፉን ከፍቷል፣ በመሀላቸው ቀይ ቀስት አለ፣ ቀስቱ የሚያመለክትበት ቦታ ደግሞ ምንም የለም። «አሁን የደረሰን! ሁሉም ነገር አበቃ!» ይላል። ምኑ ነው ያበቃው? ልናውቅ ይገባናል፤ ያበቃው የእኛ ነገር ሊሆን ይችላል። ባለችን ዳታ እንጫናለን። መጀመሪያ ማስታወቂያ። ከዚያ «እንደምን ዋላችሁ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች»። ከዚያ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የደወሏን ምልክት ተጫኑ፣ ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉ። ከዚያ «ወደ ዜናው ከመግባታችን በፊት»። ከዚያ የዓለም ሁኔታ በአጠቃላይ። ከዚያ ሌላ ማስታወቂያ። ጥቅሉ ያልቃል፣ ትዕግሥቱ ያልቃል፣ በመጨረሻ ያበቃው ነገር ሳይነገረን ቪዲዮው ያበቃል። ሽፋኑ ላይ ሲያለቅስ የነበረው ሰውዬ ስሙ አንዴም አልተነሳም። ለካ ፎቶው ከተወነበት ድራማ ላይ የተቆረጠ ነው።

ቲክቶክ ላይ ዜናው በላይቭ ነው። ወጣቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሁን ከቦታው የደወሉልኝ ምንጮቼ እንደነገሩኝ…» ብሎ ይጀምራል። ጽጌረዳ ይላክለታል። ዜናው ይቆማል፣ ላኪው በስሙ ይመሰገናል፣ ዜናው ይቀጥላል። «…የሟቾቹ ቁጥር…» ሲል አንበሳ ይላክለታል። አሁንማ ምን ዜና አለ! ይነሳል፣ ይጨፍራል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ «ሌላ አንበሳ የሚያወርድ ጀግና ማነው» ይላል። ምስኪኖቹ ሟቾች ጭፈራው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እኛም እንጠብቃለን።

ቴሌግራም ይሻላል እንል ነበር፤ ቢያንስ አጭር ነው። አጭርስ ነው። ግን አንዱ የጻፈውን ስምንቱ ይገለብጡታል፣ ከነግድፈቱ። አንዱ ቸኩሎ «የደረሰው አደጋ» ለማለት «የደረሰው አደራ» ብሎ ከለጠፈ፣ እስከ ማታ በአገሩ ሁሉ አደራ ደርሷል። ምንጩን እንፈልግ ብለን ብንነሳ አንደኛው ቻናል ሁለተኛውን ይጠቅሳል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ይጠቅሳል፣ ሦስተኛው ዞሮ አንደኛውን ይጠቅሳል። በዜናና በዜና መሀል ደግሞ ባለሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ የፀጉር ማሳደጊያ ቅባት፣ «ያለ ቅድሚያ ክፍያ ወደ ካናዳ»። ከሁሉም በታች ያቺ የማትቀር ዓረፍተ ነገር፦ ዝርዝሩን ይዘን እንመለሳለን።

አይመለሱም። ወይ አይመለሱ፣ ወይ አይሰናበቱን።

ድሮ ሪፖርተር የሚባል ሰው ነበር። ቦታው ድረስ ይሄዳል፣ ያየ ሰው ይጠይቃል፣ አየሁ ባዩን ትቶ ሌላ ይጠይቃል፣ ጽፎ ለአርታኢው ይሰጣል። አርታኢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ይህን ማን አለህ?» ይለዋል። ለዚህ ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር፤ ማነሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ ያንን ሥራ የምንሠራው እኛ ነን፣ ያለ ደመወዝ፣ በራሳችን ካርድ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን። ፎቶው የዛሬ ነው የካቻምና? ጭሱ መርካቶ ነው ወይስ ካርቱም? ድምፁ የባለሥልጣኑ ነው ወይስ የኮምፒዩተር? ባለሱቁ ያጣራል፣ ነርሷ ታጣራለች፣ የታክሲ ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ያጣራል። ጋዜጠኛው ደግሞ እኛ ኮሜንት ላይ የተከራከርነውን ሰብስቦ «ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ መነጋገሪያ ሆኖ የዋለ ጉዳይ» ብሎ ያቀርብልናል። የራሳችንን ወሬ በከረቫት።

ከማጣራት ሥራችን ከባዱ የደብዳቤ ክፍል ነው። ጠዋት አንድ ደብዳቤ ይዞራል፤ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ተዘግቷል ይላል። ዓርማ አለው፣ ቁጥርና ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ግልባጭ ለማን ለማን እንደሆነ ሳይቀር ተዘርዝሯል። ልጆች ይጨፍራሉ፣ ሠራተኛ ወላጅ ልጅ የሚያውልለት ዘመድ ፍለጋ ይደውላል። አመሻሹ ላይ መሥሪያ ቤቱ ያንኑ ደብዳቤ «ሐሰተኛ» የሚል ቀይ ጽሑፍ በሰያፍ አትሞበት ይለጥፋል። ማታ ደግሞ «ሐሰተኛ የተባለው ሐሰተኛ ነው» የሚል ይመጣል። የጠዋቱን ደብዳቤና አንድ እውነተኛ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን እናስተያያለን። ሐሰተኛው ማኅተሙ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ፊደሉ አልተዛነፈም፣ ሆሄያቱ አልተሳሳቱም። ከእውነተኛው ማኅተም ግማሹ የለም፣ ቀለሙ ፈሷል፣ ኃላፊው የፈረሙት በስማቸው ላይ ስለሆነ ስማቸው አይነበብም። ከልምድ አንድ ደንብ አውጥተናል፦ የጠራ ከሆነ አትመኑ።

እውነተኛውን ከአስመሳዩ የምትለይልን አንዲት ሰማያዊ ምልክት ነበረች። ትዊተር በ2022 እ.ኤ.አ. በ44 ቢሊዮን ዶላር ለኢላን መስክ ሲሸጥ እሷም አብራ ለገበያ ቀረበች፤ በወር 8 ዶላር ለከፈለ ሁሉ። ምልክቷም ብትሆን ድሮውንም ብቻዋን ያን ያህል አላዳነችንም። ሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. የአሶሼትድ ፕሬስን የትዊተር ገጽ ሰብረው የገቡ ሰዎች ዋይት ሐውስ ፈነዳ፣ ኦባማ ቆሰሉ ብለው ለጠፉ፤ ውሸት መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ በደቂቃዎች ውስጥ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ተንሸራተተ። እኛ ያኔ የሚንሸራተት የአክሲዮን ገበያ ስላልነበረን ተርፈናል።

የማንተርፈው ከዘመድ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ስልክ ይጮኻል፤ ዋሽንግተን ያለችው አክስት ናት፤ እዚያ ገና እራት ሰዓት ነው።

«ልጄ፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን እትዬ፣ ምነው?»

«ሰፈራችሁ እየነደደ ነው አሉ!»

ተነስተን መጋረጃ እንገልጣለን። ሰፈሩ ተኝቷል። ጅብ እንኳ የለም።

«ኧረ ምንም የለም፣ እትዬ።»

«አትደብቁኝ! ይኸው በላይቭ እያየሁት!»

ሰፈሩ ውስጥ ያለነው እኛ ነን፤ የምትታመነው ግን ስልኳ ናት። አጽናንተናት ትተኛለች፤ እኛ ግን ማን ያውቃል ብለን እስኪነጋ ጭስ እናሸታለን።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1185፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨውን ጠበቅ አድርጎ ይቀጣል። እትዬ አንድም ተከታይ የላትም። ያላት የቤተሰብ ግሩፕ፣ የዕድር ግሩፕ፣ የጽዋ ማኅበር ግሩፕ፣ የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ ነው። የአዋጁ ጠበቅ ያለ ቅጣት እሷ ጋ አይደርስም፤ እሷ ግን አዋጁን ከማያውቀው ሁሉ ጋ ትደርሳለች።

ለነገሩ አክስትን ብቻ መውቀስም ነውር ነው። ወሬ ባዶ ቦታ ይወዳል፤ ባዶ ቦታውን ደግሞ ማን እንዳሰናዳለት እናውቃለን። በ2004 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለሳምንታት ከዓይን ሲጠፉ ይፋው ወገን እያገገሙ ነው ይል ነበር፤ ነሐሴ 15 ማለዳ ቴሌቪዥኑ ማረፋቸውን ሲናገር ፌስቡክ ብዙ ጊዜ ገድሎ ብዙ ጊዜ አስነስቷቸው ነበር። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲዘራ ፈተናው ተሰረዘ፣ በድጋሚ ሲሰጥ የተዘጋው ማኅበራዊ ሚዲያው ሆነ። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ወሬው ጠፋ? የት ይጠፋል! በስልክ ሄደ፣ በታክሲ ሄደ፣ በእግሩ ሄደ፣ በደረሰበት ሁሉ አንድ ነገር እየጨመረ። የጠፋው ማስተባበያው ብቻ ነበር።

ይፋው ወገን አሁን ነቅቷል፤ እሱም ፌስቡክ ገብቷል። ጋዜጠኛ ለሕዝብ ግንኙነቱ ቢደውል «ገጻችን ላይ አለ» ይባላል። መብራት የሚጠፋባቸውን ሰፈሮች ዝርዝር የምናገኘውም ከገጽ ላይ ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፣ ስልኩም ይዘጋል። ማታ መብራት ሲመጣ ስልካችንን ሰክተን «ውድ ደንበኞቻችን፣ ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ መብራት እንደሚጠፋ አውቃችሁ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንድታደርጉ» የሚለውን እናነባለን። አውቀናል። እናመሰግናለን።

በ2017 የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን፣ ሐቁን እንናገር፣ ያጽናናን ይኸው የምናማርርበት ፌስቡክ ነበር። አልጋው ሲወዛወዝ «ተሰማችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሺህ ይቆጠራል፤ የማዞር ሕመም እንዳልሆነ ያወቅነው ከዚያ ነው። ምነው በዚያ ቢቆም! በማግሥቱ ቀጠሮ መስጠት ተጀመረ። ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ከባዱ ይመጣል፣ መረጃው ከውጭ ነው፣ ለወዳጅዎ ያድርሱ። የምድር መንቀጥቀጥን በቀንና በሰዓት ለይቶ መተንበይ የሚችል ሳይንስ የለም፤ ይህንንም ባለሙያዎች እስኪታክታቸው ተናግረዋል። እኛ ግን ብርድ ልብስ ተከናንበን ግቢ ውስጥ 8 ሰዓትን ጠበቅን፣ 9ን ጠበቅን፣ በብርድ ተንቀጥቅጠን ገባን። 5.8 ገደማ የተለካው የታኅሣሥ 26ቱ ቀጠሮ ሳይዝ መጣ።

ይህን ሁሉ በሳቅ እናልፈዋለን። የመርዶውን ነገር ግን እንዴት እንለፈው? እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱ እንዲነጋጋ ይጠበቃል፣ ደካማ እናት ካለች ማን አጠገቧ እንደሚቆም ይመከራል፣ ከዚያ ነው በሩ የሚንኳኳው። አሁን አደጋ በደረሰ በሰዓቱ ፎቶና ሻማ ይለጠፋል፣ ሦስት መቶ ሰው «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ሽማግሌዎቹ ገና ነጠላቸውን ሳያጣፉ እናትየው ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ታየዋለች። መጀመሪያ ለመለጠፍ! ለማን ብለው ነው የሚሽቀዳደሙት? ሽልማቱ ምንድን ነው? ያልሞቱትም አልቀረላቸውም፤ አንጋፋ አርቲስቶቻችን በየጊዜው ካሜራ ፊት ቀርበው በሕይወት መኖራቸውን ያስረዳሉ። እሱንም «ሰበር፦ አልሞትኩም አለ» ብለው ይሠሩበታል።

ማስተካከያ የሚባል ነገር ከነጭራሹ መረሳቱ ነው የሚገርመው። ተሳስቶ የለጠፈው ዝም ብሎ ያጠፋዋል፤ ስክሪንሾቱ ግን እኛ ጋ ቀርቷል፣ ከእኛም ወደ ዕድሩ ሄዷል፣ ከዕድሩ ዱባይ ደርሷል። ተገለበጠ የተባለው ካሚዮን የማን ነበር? ተቃጠለ የተባለው ሱቅ የትኛው ነው? ታፍኖ ተወሰደ የተባለው ሰውዬ ወዴት ደረሰ? ሦስት ቀን ስንነታረክበት የከረምነው ጉዳይ በአራተኛው ቀን በአዲስ ሰበር ይሸፈናል።

«አፋልጉኝ» የሚለውን ደግሞ እዩ። የሕፃን ፎቶ፣ የጠፋበት ሰፈር፣ የለበሰው ሹራብ ቀለም፣ የአባት ስልክ፤ የሌለው ቀን ብቻ ነው። ልጁ በጠፋ ማግሥት ተገኝቷል፤ ይኸው ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ጢም ሊያበቅል ነው። ማስታወቂያው ግን ዛሬ ጠዋት እንደ ትኩስ ነገር ደርሶናል፣ «ለበረከት ነው ሼር አድርጉ» ተብሎ። ደወልን። አባትየው ሰላምታችንን እንኳ ሳይጨርሱ «ተገኝቷል፣ ተገኝቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉት።