ካሬውና ኔትወርኩ

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፎንት በጎደለበት ኮምፒውተር ግን አማርኛ ዛሬም የባዶ ካሬ ሰልፍ ነው። ሳንሱሲ አስፋልት ዳር ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት የዚህ ሕመም መድኃኒት አንድ ነው፦ አጥፍቶ ማብራት። እምቢ ካለ «ኔትወርክ ነው» ይባላል። ካሬው ከኔትወርክ ጋር ሥጋም ጋብቻም የለውም፤ የሚፈልገው እንደ ኒያላ ያለ ፎንት ነው። ድረ ገጽ ከተዘበራረቀ ደግሞ መድኃኒቱ የብሮውዘሩን ካሽ ማጽዳት፣ ብሮውዘሩን ማደስ ነው። የብሮውዘር ምርጫው እንደ ኪስ ነው። ኦፔራ ሚኒ ገጹን ሰርቨሩ ላይ ጨምቆ ስለሚልክ ዳታ ይቆጥባል፤ አንዳንዴ የ«ላክ» ቁልፉንም አብሮ ይቆጥበዋል። ክሮምና ፋየርፎክስ ገጹን እንዳለ ያመጣሉ፤ ጥቅሉንም እንዳለ ይወስዳሉ። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ጡረታ የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አሮጌ ስክሪን ላይ እንደ ሟች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ደንበኛ ሁሉ ቀድሞ የሚጫነውም እሱኑ ነው።