ድንጋዩ ምን አጠፋ?

ሽማግሌ ነገር አያልቅበትም በሉኝ። ይኸው ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሳይደርቅ የሰፈራችን ሰው ሁሉ የግቢውን የመኪና መግቢያ ኮብልስቶን ሊያስነጥፍ ተነሣ። በየበሩ ድንጋይ ተከምሯል፣ በየአጥሩ ሥር አሸዋ ተደፍቷል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ወሬው የካሬ ዋጋ ሆኗል። መጪው ሐምሌ ሲገባ ግማሹ መስመጡ አይቀርም። ያኔ ሁሉም በአንድ አፍ «ድንጋዩ ነው፣ ጥራት የለውም!» ይላል።

ድንጋዩ ምን አጠፋ? ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ እኮ ነው! የእናንተን ቪትዝ መሸከም አቅቶት ነው?

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት በመንገድ ሥራ ነው፤ ጆሮዬንም ያደነቆረው ግሬደርና ሮሎ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ሥራ ባስጀመረ ቁጥር ወንበሬን አውጥቼ እቀመጣለሁ። አንጣፊዎቹ ልጆችም ለምደውኛል። «ፋዘር፣ ዛሬም መጡ?» ይሉኛል። ፋዘር! መቼ እንደወለድኳቸው እንጃ።

ጣጣው የሚጀምረው ከቁፋሮው ነው። የእኛ ሰፈር መሬት መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መኪና የሚቆምበት ንጣፍ ሲሠራ መጀመሪያ ይህ አፈር ተዝቆ ይወጣል። ከዚያ ገረጋንቲ በስሱ ይደለደላል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ይጠቀጠቃል፤ አንዱ ንብርብር ሳይጠጥር ሌላው አይደረብም። የዛሬዎቹ ግን ሣሩን በዶማ ፋቅ ፋቅ አድርገው ገረጋንቲውን ባንዴ ይገለብጡታል። «መጠቅጠቂያው የታለ?» ስላቸው አንዱ «እግራችን ይበቃል፣ ፋዘር» አለኝ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። ነፋስ ቢመጣ ራሱን የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል።

በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ አስመጥቶ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» እያለ ይደነቅበት ነበር። መንገድ መዳመጥ እንዳለበት ያኔ ታውቋል ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሰን በእግር?

ሁለተኛው ጠርዙ ነው። ኮብልስቶን እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው የሚቆመው። የጠርዝ ድንጋዩ አስቀድሞ በኮንክሪት ካልታሰረ ጎማ በዞረ ቁጥር ዳሩ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ መሐሉም ይላላል። እንደ ዕድር ነው፤ ዳር ዳር ያሉት መቅረት ከጀመሩ መሐል ያለውም አይሰነብትም። ጎረቤቴን ስመክረው «ጠርዙን ብር ሲገኝ በኋላ እናደርሰዋለን» አለኝ። መጀመሪያ የሚሠራውን መጨረሻ ላይ!

አሸዋውማ አይወራ። ከድንጋዩ ሥር የሚገባው አሸዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ እኩል መነጠፍ አለበት። እነሱ ግን ገረጋንቲው የጎደለበትን ሁሉ በአሸዋ ይሞሉታል። አሸዋው የወፈረበት ቦታ በኋላ ጎማ ሲያርፍበት ቁጭ ይላል፤ ኩሬም ይሆናል። በጣውላ ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ ደግሞ እግር አይነካውም። ማን ሰምቶ! የቤቱ እመቤት ለሠራተኞቹ ቡና ይዛ በመሐሉ ትሻገራለች፤ ምስጋናዋን ተቀብላ በዚያው ትመለሳለች።

ስለ ወጣቶቹ ግን ክፉ አልናገርም። ኮብልስቶን በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመኖች ድጋፍ ሲስፋፋ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ጠረባና ንጣፍ ተማሩበት። «ዲግሪ ይዘው ድንጋይ ጠረቡ» እያለ ያፌዘው ብዙ ነበር። ምን ያስቃል? ዐሥር ሳንቲ ሜትር በዐሥር ሳንቲ ሜትር አድርጎ ድንጋይ መጥረብ ዓይንም እጅም ይጠይቃል። ደህና አንጣፊ ሲባጎ ወጥሮ፣ ድንጋዩን መርጦ፣ መጋጠሚያው ከፊተኛው ረድፍ መጋጠሚያ ጋር እንዳይገጥም አዛንፎ፣ በመዶሻ እየመታ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ ወደ ክፍተቱ ይገባል፣ እንደገና ይጠቀጠቃል። ድንጋዩን የሚያስተሳስረው ያ አሸዋ ነው። ግን በካሬ የሚከፈለው ሰው አንድ ዘዴ ያውቃል፦ ክፍተቱን ባሰፋ መጠን የሚገባው ድንጋይ ያንሳል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። አሰሪው ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ፎቶ አንስቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የውሃው ነገር ነው። ንጣፍ በየሜትሩ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ካላዘቀዘቀ ዝናቡ አይሄድም። ይህን ስናገር ተቆጣጣሪ ነኝ ያለው ልጅ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጦ «አባባ፣ ይኸው ውሃ ልክ አለው፤ ለጥ ያለ ነው!» አለኝ። ለጥ ማለቱ እኮ ነው በሽታው! አንድ ጆግ ውሃ አስመጥቼ አፈሰስኩ። ውሃው ትንሽ አሰበና ወደ ሳሎኑ በር ሄደ።

ሌላው ጎረቤት ደግሞ ብልጥ ነው፤ ሁሉንም ወደ ባልንጀራው በር አዘቀዘቀው። ነሐሴ ላይ ተጣሉ። ማን ለሽምግልና ተጠራ? እኔ። ምክሬን ያልሰሙት ሰዎች እርቁን ከእኔ ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ ተርፎ ደህና የተነጠፈ ቢገኝ እንኳ አንድ መሥሪያ ቤት ቱቦ ሊቀብር ይመጣል። የኮብልስቶን ትልቁ በጎነቱ ተነቅሎ መመለስ መቻሉ ነው፤ እንደ አስፋልት አይቆረጥም። ሆኖም ጉድጓዱን ሳይጠቀጥቁ አፈር ይመልሱበትና ድንጋዩን ከላይ ይደረድራሉ። ሁልጊዜም ድንጋይ ይተርፋል። የተረፈው የቆርቆሮ ጣሪያ መጫኛ ይሆናል፤ የሰመጠው ቦታ ደግሞ «ጥራት የሌለው ድንጋይ» ተብሎ ይሰደባል።

እንግዲህ ልታስነጥፉ ያሰባችሁ ሁሉ ስሙኝ። የድንጋዩን መልክና የካሬውን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ያህል ይቆፈራል? በምን ይጠቀጠቃል? ውሃው በየት ይወጣል? ለሦስተኛው «ውሃ ራሱ መንገዱን ያገኛል» የሚል መልስ ከሰማችሁ ቀብዱን አትስጡ።